ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን፦ አዲስ አበባን በማምቦና በቻቻ ያስደነሱት ስደተኛ

የልጅ ልጆቻችሁ ማታ ላይ ተለባብሰው ሳልሳ ልንማር ነው ብለው ከቤት ሲወጡ አይታችሁ ይሆናል። ወንድና ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ዳሌያቸውን እያወዛወዙ የሚደንሱት ዳንስ ነው። በቂርያት መናሔም ካሉ አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ ይህን ሲያዩ፣ ይኼ ደግሞ ከየት የመጣ ነው ማለታቸው አይቀርም። በእኛ አገር ጭፈራ ማለት ትከሻ ነው። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቢቆሙም ወገብ ለወገብ አይያያዙም።

ነገሩ ግን እንደሚመስለው አዲስ አይደለም። የላቲን አሜሪካ ዳንስ፣ ማለትም ታንጎ፣ ሩምባ፣ ቦሌሮ፣ ማምቦና ቻቻ፣ አዲስ አበባ ከገባ ሰባ ዓመት አልፎታል። ይህን ሙዚቃ ለኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች በኖታ እየጻፉ ካስጠኑት ሰዎች መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው። ትውልዳቸው አርመናዊ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የወሰዳቸው መንገድ ደግሞ የተከፈተው እዚሁ ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከቂርያት መናሔም በአውቶቡስ በሚደረስበት በአሮጌው ከተማ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አርባዎቹ ልጆች

በ1924 አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን፣ ኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን ጨምሮ ብዙ መኳንንት አስከትለው ወደ አውሮፓ ጉዞ ጀመሩ። አውሮፓ ከመግባታቸው በፊት ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ደረሱ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጎዳና በምንለው ሰፈር ቤተ ክርስቲያናቸውን ሠርተው ይኖሩ ነበር። ከዚያ ሰፈር እስከ ያፎ በር በእግር ይኬዳል። ከያፎ በር ወደ ውስጥ ገብቶ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የአርመኖች ሰፈርና ትልቁ ገዳማቸው አለ።

በዚያ ገዳም ውስጥ ወላጆቻቸው በቱርክ የተገደሉባቸው አርመናውያን ልጆች ተጠግተው ነበር። ልጆቹ ጡሩምባና ከበሮ ተምረው የሙዚቃ ጓድ ሠርተዋል። ራስ ተፈሪ ሲጫወቱ ሰሟቸውና ልባቸው ተነካ። የአርመኖቹን ፓትርያርክ አስፈቅደው አርባ ልጆች ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ አደረጉ። ልጆቹ በዚያው ዓመት በመስከረም መጀመሪያ አዲስ አበባ ገቡ። እስከ ዛሬም ስማቸው አርባ ልጆች ነው።

አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባሉ ሰው ነበሩ። ራስ ተፈሪ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ በመላ አገሪቱ የተዘመረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። መዝሙሩ በ1930 በዘውድ በዓሉ ላይ ተሰምቶ እስከ 1974 አብዮት ድረስ አገልግሏል። ከእናንተ መካከል በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ይህን መዝሙር ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ዘምሮታል። የዜማው ባለቤት ከኢየሩሳሌም የመጣ አርመናዊ መሆኑን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ከአንታብ እስከ አዲስ አበባ

ነርሲስ የእኚህ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ናቸው። የተወለዱት በ1915 ዛሬ ጋዚአንቴፕ በምትባለው የቱርክ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ስሟ አንታብ ነበር። ያ ዓመት በቱርክ የአርመኖች እልቂት የተጀመረበት ዓመት ነው። ቤተሰቡ ከተረፉት ጋር ወደ ሶርያ ተሰደደና ሐለብ ከተማ ገባ። ነርሲስ እዚያ አደጉ። ሙዚቃም እዚያው ጀመሩ።

ከአንታብ የወጣ አርመናዊ ወደ አንታብ መመለስ አይችልም ነበር። ቤቱ በሌላ ሰው ተይዟል፣ ጎረቤቱ ሞቷል ወይም ተበትኗል። ሐለብም ቢሆን መጠለያ እንጂ አገር አልሆነም። ስለዚህ በ1930ዎቹ መጨረሻ አጎታቸው ሲጠሯቸው ነርሲስ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ዘመኑ ጣሊያን ኢትዮጵያን የያዘበት ዘመን ነበርና ደስ የሚል ጊዜ አልነበረም። አዲስ አበባ ግን አርመኖች ነበሩባት። ወርቅ አንጣሪ፣ ጫማ ሰፊ፣ ልብስ ሰፊ፣ አታሚና ነጋዴ ሆነው የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ወጣቱ ነርሲስ ኑሯቸውን እዚያ ጀመሩ። መሣሪያ እያስተማሩ፣ መዘምራን እያሰለጠኑ ቆዩ።

ከተሜው ሙሴ ነርሲስ ይላቸው ነበር። ነቢዩን ሙሴን ማለቱ አይደለም። ፈረንሳይኛው ሙስዬ በአዲስ አበባ ሰው አፍ ሙሴ ሆኖ ቀርቶ፣ ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሁሉ ሙሴ እየተባለ ይጠራ ነበር።

የማዘጋጃ ቤቱ ባንድ

ጣሊያን ተባሮ ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ አዲስ አበባ መለወጥ ጀመረች። ኤምባሲዎች በዙ፣ ሆቴሎች ተከፈቱ፣ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ወጣቶች ቢሮ ገቡ። ቅዳሜ ማታ ሰው ሱፍ ለብሶና ክራባት አስሮ የሚደንስበት ቦታ ይፈልግ ጀመር። ለዚህ ደግሞ ባንድ ያስፈልጋል።

ሙሴ ነርሲስ በ1946 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን እንዲመሩ ተሾሙ። እስከዚያ ድረስ በአገሪቱ የነበረው የነፋስ መሣሪያ ሙዚቃ በአብዛኛው የሰልፍ ሙዚቃ ነበር። ወታደር የሚሰለፍበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበት ማርሽ ነው። ሰልፈኛን ማራመድ አንድ ነገር ነው፤ ዳንሰኛን ማስደነስ ሌላ ነገር ነው። ዳንሰኛ ምቱ ትንሽ ከዘገየበት እግሩ ይሳሳታል፣ ከፈጠነበትም አጣማሪውን ይረግጣል። ስለዚህ ሙሴ ነርሲስ ኖታ ማንበብ ገና የጀመሩ ልጆችን ይዘው ሳክስፎኑ መቼ እንደሚገባ፣ ትራምፔቱ መቼ ዝም እንደሚል አንድ በአንድ ማስጠናት ነበረባቸው። ለእያንዳንዱ መሣሪያ በእጃቸው ኖታ ይጽፉ ነበር።

በ1955 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው፣ ለንጉሡ የሃያ አምስት ዓመት የንግሥና በዓል ተመረቀ። የቴአትሩ ኦርኬስትራም በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ ባንዶች አንዱ ሆነ። ሙሴ ነርሲስ እዚያም ሠርተዋል። ዛሬ ያሬድ የምንለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲጀመርም ከመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች መካከል ነበሩ። በተመሳሳይ ጊዜ የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ባንዶች እርስ በርስ ይፎካከሩ ነበር። የአንዱ ባንድ ተጫዋች በሌላው ቀንቶ ሌሊት ይለማመዳል። ያ ፉክክር ነው በ1960ዎቹ የአዲስ አበባን ሙዚቃ ያሳደገው።

ዳንሶቹ ምንና ምን ናቸው?

ባንዶቹ በዳንስ ምሽት የሚጫወቱት ከአውሮፓው ቫልስ ጎን ለጎን የላቲን አሜሪካን ሙዚቃ ነበር። ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ ይመስላል። ልዩነቱን ማወቅ ግን ከባድ አይደለም።

ታንጎ የመጣው ከአርጀንቲናና ከኡራጓይ የወደብ ከተሞች፣ ከቦነስ አይረስና ከሞንቴቪዴዮ ነው። የፈጠሩት ድሆችና ስደተኞች ናቸው። በታንጎ ዳሌ ብዙም አይወዛወዝም። ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈው ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይዞራሉ። ዳንሰኞች ሁሉ በአዳራሹ ዙሪያ በአንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ ማንም ከማንም አይጋጭም።

ሩምባ፣ ቦሌሮ፣ ማምቦና ቻቻ ግን ሥራቸው ኩባ ነው። ወደ ኩባ ለሸንኮራ እርሻ በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ከበሯቸውን በልባቸው ይዘው ሄዱ። የስፔን ሰዎች ደግሞ ጊታርና ዜማ ይዘው መጡ። ሁለቱ ተቀላቅለው ይህ ሙዚቃ ተወለደ። የአፍሪካ ከበሮ ባሕር ተሻግሮ፣ በኩባ በኩል ዞሮ፣ በራዲዮና በሸክላ ተመልሶ አፍሪካ ገባ ማለት ነው። አዲስ አበባ ሲደርስም ሰው ቶሎ የለመደው አለምክንያት አይደለም።

ቦሌሮ ከሁሉም ዝግ ያለው ነው። የፍቅር ዘፈን ስለሆነ እርምጃው ትንሽና ለስላሳ ነው። ማምቦ ፈጣን ነው። ፔሬዝ ፕራዶ የሚባል ኩባዊ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሜክሲኮ ውስጥ ሆኖ በትልቅ ባንድ ሲጫወተው ዓለም ሁሉ ሰማው። ኒው ዮርክ ውስጥ ፓላዲየም የሚባል አዳራሽ ነበር። እዚያ ጥቁሩም፣ ነጩም፣ ከፖርቶ ሪኮ የመጣውም፣ ጣሊያኑም፣ አይሁዱም በአንድ ወለል ላይ ማምቦ ይደንስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ነጭና ጥቁር አብሮ መቀመጥ በሚከለከልበት ዘመን ይኼ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ቻቻን የፈጠረው ኤንሪኬ ሆሪን የሚባል ኩባዊ ቫዮሊን ተጫዋች ነው፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ። ማምቦ ሲፈጥንባቸው የሚቸገሩ ዳንሰኞችን አይቶ ምቱን አዘገየው። ዳንሰኞቹም በሁለት ቀስ ያሉ እርምጃዎች መሀል ሦስት ፈጣን እርምጃዎች አስገቡ። ጫማቸው ወለሉን ሲነካ ቻ ቻ ቻ የሚል ድምፅ ሰጠና ስሙ በዚያው ቀረ።

ልጆቹ ዛሬ የሚማሩት ሳልሳ የእነዚህ ሁሉ ልጅ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ከማምቦና ከሌሎች የኩባ ምቶች ተቀናብሮ ወጣ። ከታላላቆቹ ተጫዋቾች አንዱ ላሪ ሃርሎው የሚባል የብሩክሊን አይሁዳዊ ፒያኒስት ነበር። ላቲኖቹ ራሳቸው ድንቁ አይሁዳዊ እያሉ ይጠሩት ነበር።

የሳልሳ መሠረቱ እስከ ስምንት መቁጠር ነው። በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት ይረገጣል፤ በአራት ይታረፋል። በአምስት፣ በስድስት፣ በሰባት ይረገጣል፤ በስምንት ይታረፋል። ወንዱ በግራ እግሩ ወደ ፊት ሲጀምር ሴቷ በቀኝ እግሯ ወደ ኋላ ትጀምራለች። ጀማሪ የሚሳሳተው ትልቅ ትልቅ በመራመድ ነው። እርምጃው አጭር፣ ጉልበቱ ትንሽ ጠፍ ያለ፣ ትከሻው የተረጋጋ መሆን አለበት። ዳሌው በራሱ የሚመጣው ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲዘዋወር ነው እንጂ ሆን ተብሎ አይናጥም። መሪው አጣማሪውን አይጎትትም፤ በእጁ ቀለል አድርጎ ምልክት ይሰጣል። ተመሪዋም ቀድማ አትሄድም፤ ትጠብቃለች። በደንብ ላየው ሰው ይህ ዳንስ የመደማመጥ ትምህርት ነው። ከእኛ እስክስታም ብዙ አይርቅም፤ እስክስታ የሚወርድ ሰውም ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ትከሻ እያየ ነው የሚመልሰው።

ሙሴ ነርሲስ የተጨነቁበት ነገር

እንግዲህ ሙሴ ነርሲስ የውጭውን ሙዚቃ እንዳለ ገልብጠው ቢያስጫወቱ ኖሮ ስማቸው እስከ ዛሬ ባልተነሳ ነበር። የውጭ ሙዚቃ የሚያስጫውት ፈረንጅ ሞልቶ ነበር። እሳቸው የተጨነቁት በሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያን ዜማ ሳያበላሹ እንዴት ለትልቅ ባንድ ማዘጋጀት ይቻላል የሚለው ነበር ጭንቀታቸው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶቻችን አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ናቸው። የአውሮፓ ሙዚቃ ግን ሰባት ድምፅ ያለው ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ድምፅ ተደራርቦ የሚሰማበት ነው። ማሲንቆ የለመደ ጆሮ ባለ አንድ መስመር ዜማ ነው የለመደው። በዚያ ዜማ ላይ ዝም ብሎ የፈረንጅ ድምፅ ቢደረብበት ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ምቱም ቢሆን ልዩ ነው። ብዙው የአገራችን ጭፈራ በሦስት በሦስት የሚከፈል ቺክቺካ ነው፤ የላቲኑ ደግሞ በአራት ነው የሚሄደው።

ሙሴ ነርሲስ ዜማውን ለዘፋኙ ትተው፣ በሥሩ የሚደረበውን የሳክስፎንና የትራምፔት ድምፅ ቅኝቱን በማይረብሽ መንገድ ይጽፉ ነበር። ኢትዮጵያዊ ዜማ በቦሌሮ ወይም በማምቦ ምት ሲሰማ ባዕድ ሳይመስል እንዲቀር ያደረገው ይኸው ጥንቃቄ ነው። በ1963 የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ ለዚያ ታሪካዊ ጉባኤ ሙዚቃ ካዘጋጁት መካከልም እሳቸው ነበሩ።

የእሳቸው ትውልድ ባቀናው መንገድ ላይ ሌሎች ሄዱበት። በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን ውስጥ በርክሊ ተምሮ፣ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያን ቅኝት ከላቲን ከበሮ ጋር አዋህዶ ሸክላ አሳትሟል። በኋላ ኢትዮ ጃዝ ተብሎ ዓለም ያወቀው ሙዚቃ ሙላቱ ብቻውን ከባዶ ሜዳ ያነሳው አልነበረም። የአዲስ አበባ ባንዶች ቀድመው ጆሮ አስለምደው ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። ንጉሡ ወረዱ፣ የአጎታቸው የኬቮርክ መዝሙርም ተሻረ። በቀጣዩ ዓመት ሌላ መዝሙር ተተካ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ የዳንስ ምሽት የለም። ሆቴሎቹ ጨለሙ፣ ተጫዋቾቹ ተበተኑ። በአንድ ወቅት ከሺህ በላይ ይሆኑ የነበሩት የአዲስ አበባ አርመኖችም ንብረታቸው ሲወረስባቸው ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ ሌላ አገር ሄዱ። ለአንዳንዶቹ ይህ ሁለተኛው ስደት ነበር።

ሙሴ ነርሲስ በ1977 አረፉ። ያ ዓመት ቀይ ሽብር አዲስ አበባን ያስጨነቀበት ዓመት ነው። ሰው ልጁን ፍለጋ ከቀበሌ ቀበሌ በሚዞርበት ጊዜ ስለ አንድ የሙዚቃ መምህር ሞት ብዙ አልተወራም። አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያገለገሏት አገር ያን ቀን ስለ ራሷ ታለቅስ ነበር።

ሥራቸው ግን አልሞተም። በእጃቸው ከጻፉት ኖታ የተረፈው ከብዙ ዓመት በኋላ ሰው እጅ ገብቶ፣ ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የቦስተን ባንድ ሙዚቃቸውን እንደገና አስነስቶ ተጫውቶታል። የሌላ አገር ሰዎች የአንድ አርመናዊን ሙዚቃ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ነው ብለው ተጫወቱ። ትክክልም ናቸው።

እዚህ ቂርያት መናሔም ያሉ አባቶችና እናቶች ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ የሚያውቁት ነገር አለ። ትቶት የመጣው ቤት በሌላ ሰው መያዙን፣ በአዲስ አገር እንደ ሕፃን ቋንቋ መጀመርን፣ ይኼ የእኛ አይደለም መባልን ያውቁታል። ሙሴ ነርሲስ ከአንታብ ምንም ሳይዙ ነው የወጡት። ይዘውት የመጡት ጆሯቸውን ብቻ ነበር። በዚያ ጆሮ የሰው አገር ዜማ አዳመጡ፣ ሳይንቁ አጠኑት፣ ከዚያ በኋላ ነው የራሳቸውን የጨመሩበት። አስተናጋጁ አገርም ከእንግዳ የመጣ ነው ብሎ አልጣለውም፣ ተቀብሎ የራሱ አደረገው።

ወደ አሮጌው ከተማ የሚወርድ ሰው በያፎ በር ሲገባ ወደ ቀኝ ታጥፎ የአርመኖቹን ገዳም ግንብ ማየት ይችላል። የአዲስ አበባ የዳንስ ሙዚቃ ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ግንብ ውስጥ ነው። የልጅ ልጆች ለሳልሳ ሲወጡ ደግሞ ከመቆጣት በፊት ይህን ታሪክ መንገር ይሻላል። እነሱ እርምጃውን ያውቁታል፤ ከአያቶቻቸው አገር ጋር ያለውን ዝምድና ግን ካልነገራችኋቸው ማን ይነግራቸዋል?